ስፓኒሽን በአማርኛ በኩል፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ለዕለት ተዕለት ንግግር የሚበቃ ስፓኒሽ እንዴት እንደሚለመድ የሚጠይቁ በመሆናቸው ዓምዱን በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል። የስፓኒሽ ቃላቱን በፊደላችን የጻፍናቸው በላቲን አሜሪካ በሚነገሩበት አኳኋን ነው፤ የስፔን አነጋገር የሚለይባቸውን ቦታዎች እየደረስንባቸው እናመለክታለን።

ጥያቄ፦ በዋሽንግተን አካባቢ በሚገኝ ሆቴል የክፍል ጽዳት ሠራተኛ ነኝ። አብረውኝ የሚሠሩት አብዛኞቹ ከኤል ሳልቫዶር የመጡ እናቶች ናቸው። በስልኬ ስፓኒሽ መማር ጀምሬ ነበር፤ ነገር ግን «ልጁ ፖም ይበላል»፣ «ልጅቷ ወተት ትጠጣለች» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች ሲደጋገሙብኝ ሰለቸኝና ተውኩት። ከምን ልጀምር? (አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ያሰለቸዎት ቋንቋው አይደለም፤ የቀረቡልዎት ዓረፍተ ነገሮች ከሚኖሩት ሕይወት ጋር የማይገናኙ መሆናቸው ነው። ሰው ከሥራ ባልደረባው ጋር የሚነጋገረው እንዴት እንዳደረ፣ ልጆቹ እንዴት እንደሆኑ፣ ምን ያህል እንደደከመውና ምን ዕቃ እንደጎደለው ነው። ስለዚህ ከሰላምታ ይጀምሩ። ጠዋት «ቡዌኖስ ዲያስ»፣ ከቀትር በኋላ «ቡዌናስ ታርዴስ»፣ ሲመሽ «ቡዌናስ ኖቼስ» ይባላል፤ ይህ የመጨረሻው «እንደምን አመሹ»ንም «ደህና እደሩ»ንም ስለሚተካ ሲገናኙም ሲለያዩም ያገለግላል። ቀጥለው «ኮሞ ኤስታ?» ብለው ደህንነታቸውን ይጠይቁና መልሱን ልብ ብለው ያዳምጡ። ጠና ያሉት እናቶች ብዙ ጊዜ «ቢዬን፣ ግራሲያስ አ ዲዮስ» ይላሉ፤ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ማለታቸው ነው። ስለ ነገ ሲነሣም «ሲ ዲዮስ ኪዬሬ»፣ እግዚአብሔር ከፈቀደ፣ የሚለውን ይጨምራሉ። አንዷ ስታስነጥስ እኛ «ይማርሽ» እንደምንለው «ሳሉድ» ይበሏት፤ ምሳ በሚበሉበት በኩል ሲያልፉም «ቡዌን ፕሮቤቾ» ብለው ይለፉ፤ ሰው እየበላ ዝም ብሎ ማለፍ በእኛ ዘንድ እንደማያምር ሁሉ በእነርሱም ዘንድ አያምርም።

ከዚህ ዓምድ አጥብቀን የምንመክረው አንድ ነገር አለ፤ ስፓኒሽን በእንግሊዝኛ በኩል ሳይሆን በአማርኛ በኩል ይማሩት። የስልክ መተግበሪያዎቹ የሚያስተምሩት በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሳናውቀው አንዱን የውጭ ቋንቋ በሌላ የውጭ ቋንቋ ስንተረጉም እንውላለን፤ በብዙ ቦታ ግን ስፓኒሽ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ለአማርኛ አሠራር ይቀርባል። «አብሎ» ማለት ብቻውን «እናገራለሁ» ማለት ነው፤ ማን እንደሚናገር ግሡ ራሱ ስለሚያሳይ «እኔ» ብሎ መጀመር አያስፈልግም። ይበልጥ የሚጠቅምዎትን ደግሞ ከራስዎ ሥራ እንውሰድ። ጋሪዎ ላይ ሁለት ፎጣ ቢያንስብዎት በአማርኛ «ሁለት ፎጣ ጎደለኝ» ይላሉ እንጂ እንደ እንግሊዝኛው ፎጣ እንደሌለዎት ወይም እንደሚያስፈልግዎት ለመግለጽ ዙሪያ አይሄዱም። ስፓኒሹም «ሜ ፋልታን ዶስ ቶዋያስ» ይላል፤ ጎደሉ የተባሉት ፎጣዎቹ ናቸው፣ «ሜ» የምትለዋ ቃል ደግሞ በእኛ ግስ መጨረሻ ላይ የምትቀጠለዋን «ኝ» ተክታ ትቆማለች። «ሜ ጉስታ ኤል ካፌ» ሲሉም «ቡና ደስ ይለኛል» እንደማለት ነው። ይህን አንዴ የተረዳ ሰው ስፓኒሽን በእንግሊዝኛ በኩል የሚማሩ ሰዎች ረጅም ጊዜ የሚታገሉበትን ክፍል በቀላሉ ያልፈዋል።

በእንግሊዝኛ በኩል መሄድ ከማድከሙም በላይ ሊያሳፍር ይችላል። «አፈርኩ» ለማለት ከእንግሊዝኛው ቃል ድምፅ ተነሥታ «ኤስቶይ ኤምባራሳዳ» ያለች ሴት «ነፍሰ ጡር ነኝ» ብላለች።

ለሥራዎ ጥቂት ቃላት እንጨምርልዎ፦ አንሶላ «ሳባና»፣ ትራስ «አልሞአዳ»፣ ሳሙና «ኻቦን»፣ አልጋ «ካማ» ነው። «ሜ አዩዳ ኮን ላ ካማ፣ ፖር ፋቦር?» ቢሉ «እባክዎ አልጋውን ያግዙኛል?» ማለት ነው። «ደክሞኛል» ለማለት «ኤስቶይ ካንሳዳ» ይላሉ፤ ወንድ ቢሆን «ካንሳዶ» ይላል። አማርኛ ጾታን የሚለየው «ደከመህ? ደከመሽ?» ብሎ ሲጠይቅ ሲሆን ስፓኒሽ ግን ሰው ስለ ራሱ ሲናገርም ስለሚለይ እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ከሁሉም በፊት ግን ንግግር ሲቋረጥ የሚቀጥሉትን አራት ሐረጎች በቃልዎ ይያዙ፦ «ኖ ኤንቲዬንዶ» (አልገባኝም)፣ «ማስ ዴስፓሲዮ፣ ፖር ፋቦር» (እባክዎ ቀስ ብለው)፣ «ፑዌዴ ሬፔቲር?» (ይደግሙልኛል?)፣ «ኮሞ ሴ ዲሴ ኤስቶ ኤን ኤስፓኞል?» (ይህ በስፓኒሽ ምን ይባላል?)። አራተኛዋ ባልደረቦችዎን ሁሉ አስተማሪ ታደርግልዎታለች፤ ፎጣውን እያነሡ፣ መጥረጊያውን እያሳዩ ይጠይቋቸው።

ጥያቄ፦ የስፓኒሽ ቃላትን በአማርኛ ፊደል እየጻፍኩ ነው የማጠናው። አንድ ጓደኛዬ ግን ይህ አነጋገር ያበላሻል ብሎ ተቃወመኝ። እውነት ነው? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፊደላችን ከላቲኑ ይልቅ ታማኝ ረዳት ነው ብለን እናምናለን። ላቲኑን እንግሊዝኛ በለመደ ዓይን ስናነበው ድምፁን እናዛባዋለን፤ ለምሳሌ በስፓኒሽ የእንግሊዝኛዋ «ኤች» ፈጽሞ ስለማትነበብ ሆቴል «ኦቴል» ነው። ፊደላችን «ኘ» ስላለው «ማኛና»ን (ነገ) እና «ባኞ»ን (መጸዳጃ ቤት) እንደተነገሩ ይጽፋል፤ «ቸ» ስላለው «ኖቼ»ን (ሌሊት)፣ «ኸ» ስላለው ደግሞ «ትራባኾ»ን (ሥራ) ያለ ችግር ይይዛል። ላቲኑ በሁለት ፊደል የሚጽፋቸው «በ» እና «ቨ» በስፓኒሽ አንድ ድምፅ በመሆናቸው ሁሉንም በ«በ» ይጻፉት፤ በሁለት አናባቢ መካከል ላላ ብሎ መነገሩም እኛ «አበባ» ስንል ከምናላላው «በ» የራቀ አይደለም።

ጓደኛዎ ልክ የሚሆኑባቸው ቦታዎችም አሉ። የመጀመሪያው አናባቢ ነው። ስፓኒሽ አምስት አናባቢዎች ብቻ አሉት፤ ከእኛ ሰባት ድምፆች ግዕዙና ሳድሱ በእርሱ ውስጥ የሉም። ስለዚህ «ትሬስ» (ሦስት) ብለው ሲጽፉ በ«ት» እና በ«ሬ» መካከል የምትሾልከዋን ሳድስ ድምፅ ውጠው ሁለቱን ባንድ ትንፋሽ ይበሏቸው። ኃምሱንና ሳብዑንም ቢሆን ጥርት አድርገው ይናገሩ፤ እኛ «ቤት» ስንል ስስ «ይ»፣ «ቦታ» ስንል ስስ «ው» ጣል የማድረግ ልማድ አለን፤ ስፓኒሹ ግን ይህ ልማድ የለውም።

ሁለተኛው መጥበቅና መላላት ነው። «በራ» ብለን ስንጽፍ አምፖሉ መብራቱን ይሁን የሰውዬው ራስ መመለጡን የምናውቀው «ራ»ን አጥብቀን ወይም አላልተን ስናነብ እንጂ ከጽሕፈቱ አይደለም። በስፓኒሽም «ፔሮ» ላልቶ ሲነገር «ግን» ሲሆን «ሮ» ጠብቆ፣ ምላስ እየተርገበገበ ሲነገር «ውሻ» ይሆናል። አማርኛ ተናጋሪ «በራ»ን በሁለቱም መንገድ ከልጅነቱ ሲል ስላደገ ለዚህ ልዩ ልምምድ አያሻውም፤ ማስታወስ ያለበት የትኛው ቃል እንደሚጠብቅ ብቻ ነው። ስለዚህ በደብተርዎ ላይ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ ያድርጉ።

ሦስተኛው ለእኛ የሚከብደው ነው፤ ስፓኒሽ በእያንዳንዱ ቃል ውስጥ አንዱን ክፍለ ቃል ከፍ አድርጎ ይናገራል። «አብሎ» ብለው «አ» ላይ ከፍ ቢያደርጉ «እናገራለሁ» ይሆናል፤ «ሎ» ላይ ከፍ ቢያደርጉ ደግሞ «ተናገረ» ይሆናል። ደንቡ ግን ሥርዓት ያለው ነው፦ በላቲኑ አጻጻፍ ቃሉ በአናባቢ፣ በ«ን» ወይም በ«ስ» ካለቀ ከመጨረሻው በፊት ያለው ክፍለ ቃል ከፍ ይላል፤ በሌላ ድምፅ ካለቀ የመጨረሻው፤ ከዚህ የወጣ ከሆነ አናባቢው ላይ ትንሽ ጭረት ይደረግበታል። ይህችን ጭረት ፊደላችን አያሳይም፤ ስለዚህ ማንበብ ሲጀምሩ በፊደላችን የጻፉትን ትተው ወደ ላቲኑ ይለፉ።

ጥያቄ፦ በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ነኝ። የተማርኩት «አንተ» «ቱ» እንደሚባል ነው። የሥራ ጓደኞቼ ግን «ቦስ» ይሉኛል፤ አለቃቸው ደግሞ «ኡስቴድ» ይላል። የትኛው ነው ትክክል?

መልስ፦ ሦስቱም ትክክል ናቸው። «ኡስቴድ» የእኛ «እርስዎ» ነው። በጥንቱ ስፓኒሽ «ቸርነትዎ» ከሚል የአክብሮት አጠራር እያጠረ የመጣ ሲሆን፣ ፊት ለፊት ያለውን ሰው እያናገረ ግሡን ግን ስለ ሦስተኛ ሰው እንደሚናገር አድርጎ ይረባል። «እርስዎ ይመጣሉ» እና «እነርሱ ይመጣሉ» በግሡ የማይለያዩበት አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። «ቱ» የቅርበት «አንተ» ወይም «አንቺ» ነው፤ ጾታ አይለይም። «ቦስ» ደግሞ በኤል ሳልቫዶር፣ በሆንዱራስ፣ በኒካራጓ፣ በአርጀንቲናና በሌሎችም አገሮች በ«ቱ» ቦታ የሚነገር ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ ካሉት ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ከሳልቫዶር የመጡት እጅግ ብዙ ስለሆኑ መተግበሪያው «ዴ ዶንዴ ኤሬስ?» ብሎ ያስተማረዎትን እርስዎ በሥራ ቦታ «ቦስ ዴ ዶንዴ ሶስ?» ተብሎ ይሰሙታል፤ የሁለቱም ትርጉም «የት አገር ሰው ነህ?» ነው። መልሱ በየትኛውም ቢጠየቁ «ሶይ ዴ ኤቲዮፒያ» ነው።

ለማያውቁት ደንበኛ፣ በዕድሜ ለሚበልጥዎትና ለአለቃዎ «ኡስቴድ» ይበሉ፤ ጓደኞችዎ «ቦስ» ካሉዎት በኋላ በ«ቦስ» ይመልሱላቸው። ሲጠራጠሩ ወደ አክብሮቱ ያጋድሉ፤ ያልተገባ «አንተ» የሚያስቀይመውን ያህል የበዛ አክብሮት ማንንም አያስቀይምም። በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ጓደኛሞች እንኳ «ኡስቴድ» ሲባባሉ ይሰማል፤ በስፔን ግን ወጣቶች ቶሎ ወደ «ቱ» ይሻገራሉ። ሌላም የሚወደድ ልማድ አለ፦ በዕድሜ የገፋን ሰው በራሱ ስም ፊት «ዶን»፣ ሴት ከሆነች «ዶኛ» እያሉ መጥራት። «ዶን ካርሎስ»፣ «ዶኛ ማሪያ» ሲባል ቃሉ የሚቀደመው በአባት ወይም በቤተሰብ ስም ላይ ሳይሆን በሰውየው በራሱ ስም ላይ ስለሆነ ከእኛ «ጋሼ» እና «እትዬ» ጋር በአጠቃቀሙ እጅግ ይመሳሰላል።

ጥያቄ፦ በሎስ አንጀለስ አረጋውያንን በቤታቸው የምትንከባከብ ሠራተኛ ነኝ። ከምንከባከባቸው አንዷ ከሜክሲኮ የመጡ እናት ናቸው። ቢያንስ የሚያማቸውን ልረዳቸው እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ፍላጎትዎ የሚመሰገን ነው፤ በዚህም ክፍል አማርኛ ከፍተኛ እገዛ ያደርግልዎታል። «ዶንዴ ሌ ዱዌሌ?» ብለው ይጠይቋቸው፤ «የት ላይ ያምዎታል?» ማለት ነው። እርሳቸውም «ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ» ቢሉ «ራሴን ያመኛል» ማለታቸው ነው። የሚያመው ነገር ከአንድ በላይ ሲሆን ግሡ «ዱዌሌን» ይሆናል፤ «ሜ ዱዌሌን ሎስ ፒዬስ»፣ እግሮቼን ያመኛል። ሆድ «ኤስቶማጎ»፣ ጀርባ «ኤስፓልዳ»፣ ደረት «ፔቾ»፣ ጉልበት «ሮዲያ» ነው። ብርድ፣ ረሃብና ጥም ግን በ«አለኝ» ይገለጻሉ፦ «ቲዬኔ ፍሪዮ?» ብርድ አለዎት እንደማለት «በርዶዎታል?» ነው፤ «ቲዬኔ ሴድ?» ጠምቶዎታል፤ «ኪዬሬ አጉዋ?» ውሃ ይፈልጋሉ፤ «ኪዬሬ ኢር አል ባኞ?» መጸዳጃ ቤት መሄድ ይፈልጋሉ። ደግፈው ሲያስነሷቸው «ዴስፓሲዮ፣ ኮን ኩዊዳዶ» ይበሉ፤ ቀስ ብለው፣ ተጠንቅቀው ማለት ነው። ሲጠሯቸው መልሰው «ማንዴ?» ቢሉዎት አይደናገሩ፤ ሜክሲኮዎች «አቤት» የሚሉት በዚህ ቃል ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ ወሰን እናበጃለን። የመድኃኒት መጠን፣ የሕመም ታሪክና የፈቃድ ጉዳይ በተማሩት ጥቂት ስፓኒሽ የሚሠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 በፍሎሪዳ አንድ የ18 ዓመት ወጣት ራሱን ስቶ ሆስፒታል ሲገባ ቤተሰቡ ከኩባውያን አነጋገር በተለመደው መሠረት «ኢንቶክሲካዶ» ነው፣ የበላው ነገር ጎድቶት ይሆናል አሉ፤ ሐኪሞቹ ግን ቃሉን በእንግሊዝኛው ተረድተው መድኃኒት ከመጠን በላይ እንደወሰደ አድርገው አከሙት። ችግሩ በአንጎሉ ውስጥ የፈሰሰ ደም ነበር። ወጣቱ እጅና እግሩ ሽባ ሆኖ ቀረ፤ ጉዳዩም ወደ 71 ሚሊዮን ዶላር በሚደርስ ካሳ ተዘጋ። በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ ስላለባቸው ሐኪም ቤት ሲያደርሷቸው አስተርጓሚ እንዲመደብላቸው ይጠይቁ፤ ለቤቱ ሰላምታና ለዕለቱ እንክብካቤ ግን ስፓኒሽዎን ሳይሳቀቁ ይናገሩ።

ጥያቄ፦ የቀጠሮ ሰዓት ሲነግሩኝ ሁልጊዜ እሳሳታለሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ «አ ላስ ሲዬቴ ዴ ላ ማኛና» ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ሲዬቴ 7 ቢሆንም በእኛ አቆጣጠር ሰባት ሰዓት አይደለም፤ ስለዚህ ቁጥሩን በአማርኛ ከመተርጎምዎ በፊት ስድስት ይቀንሱ፤ ውጤቱ ዜሮ ወይም ከዚያ በታች ቢመጣ 12 ይጨምሩበት። «ማኛና» ብቻዋን «ነገ» ናት፤ «ዴ ላ ማኛና» ሲሆን ግን «ከጠዋቱ» ማለት ነው፤ የእኛም «ነገ» ከ«ነጋ» እና ከ«ንጋት» ጋር አንድ ቤተሰብ ስለሆነ ይህ ሊያስገርመን አይገባም። 60 «ሴሴንታ»፣ 70 «ሴቴንታ» መሆናቸው ደግሞ የገንዘብ ሒሳብ ላይ ስለሚያሳስት ቁጥሩን በወረቀት ያጽፉ።

ጥያቄ፦ አባቴ በደርግ ዘመን ኩባ ተምሮ የተመለሰ ነው። እኔ አስጎብኚ ስሆን ከስፔንና ከሜክሲኮ የሚመጡ እንግዶችን ወደ ላሊበላ እወስዳለሁ። ስፓኒሹን ከአባቴ ብማር እንግዶቼ ይረዱኛል?

መልስ፦ በሚገባ ይረዱዎታል። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች በኩባዋ «ኢስላ ዴ ላ ኹቤንቱድ»፣ በወጣቶች ደሴት፣ ትምህርታቸውን ተከታትለዋል፤ ከእነዚህ ሰዎች ጋር የተመለሰው ስፓኒሽ በአገራችን ያለ ትልቅ ሀብት ነውና በቤትዎ አስተማሪ በማግኘትዎ እንኳን ደስ ያለዎት። አባትዎን ዛሬውኑ በስፓኒሽ እንዲያነጋግሩዎት ይለምኗቸው።

ሦስት ነገሮችን ብቻ ያስተውሉ። ኩባውያን በክፍለ ቃል መጨረሻ ያለውን «ስ» ያሳሱታል፤ «ማስ» የሚለው «ማህ» ሊመስል ይችላል፤ እርስዎ ግን «ስ»ን አጥርተው ይናገሩ። ሁለተኛ፣ አንዳንድ ቃላት የኩባ ናቸው፦ አውቶቡስ «ጉዋጉዋ» ሲባል በሜክሲኮ «ካሚዮን» ይባላል፣ ይህም በአማርኛ ከጣሊያንኛ የወሰድነው ካሚዮን ነው፤ ኩባዎች ለአውቶሞቢል «ማኪና» ማለታቸውንም አባትዎ ሳይነግሩዎት አይቀሩም። ሦስተኛው ብርቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ «መያዝ» ወይም «መሳፈር» ለማለት በኩባና በስፔን በየሰዓቱ የሚነገረው «ኮኸር» በሜክሲኮና በአርጀንቲና ነውር ነው። በእርሱ ፈንታ በሁሉም አገር የማያሳፍረውን «ቶማር» ይጠቀሙ።

ስፔኖች «ግራሲያስ» ውስጥ ያለውን «ሲ» ምላሳቸውን በጥርሳቸው መካከል አድርገው ይናገሩታል፤ እርስዎ እንዲህ ማለት የለብዎትም። ስፔኖች የሚቀርቧቸውን ሰዎች «ቦሶትሮስ» ብለው «እናንተ» ይላሉ፤ በላቲን አሜሪካ ግን ለሁሉም «ኡስቴዴስ» ይባላል፤ «ኡስቴዴስ» በስፔንም የአክብሮት ስለሆነ ለሁለቱም ቡድን ያዛልቅዎታል። ለሥራዎ በእርሱ የሚረቡትን እነዚህን ይያዙ፦ እንኳን ደህና መጡ «ቢዬንቤኒዶስ»፤ ይከተሉኝ «ሲጋንሜ፣ ፖር ፋቦር»፤ ወደ ቤተ መቅደሱ ከመግባትዎ በፊት ጫማዎን ያውልቁ «ኪቴንሴ ሎስ ሳፓቶስ አንቴስ ዴ ኤንትራር»፤ ከዐለት የተፈለፈለው በር ዝቅ ባለበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ራስዎን ይጠብቁ፣ «ኩዊዳዶ ኮን ላ ካቤሳ»።